የአዝራር መልክ በአንድ ፕሮፐርቲ አይወሰንም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የዴስክቶፕ መተግበሪያዎችን ገጽታ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በላይ የሚሰለቸው ጥያቄ «አዝራሩን አረንጓዴ አድርጌዋለሁ፤ ማውሱ ሲያርፍበት ግን ለምን ሰማያዊ ይሆናል?» የሚለው ነው። ጠያቂው የኮንትሮል (አዝራርን የመሰለ የመስኮት ክፍል) መልክ ባክግራውንድ (የጀርባ ቀለም) በሚባለው ፕሮፐርቲ ማለትም መገለጫ ተጠቃሎ የሚያልቅ ስለሚመስለው፣ የሆነውን ሁሉ የማዕቀፉ (መተግበሪያው የተሠራበት የፕሮግራም መሣሪያ) ስህተት አድርጎ ያቀርበዋል። ስህተቱ ግን የማዕቀፉ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የማይክሮሶፍት የዴስክቶፕ ማዕቀፍ በደብሊው ፒ ኤፍ (WPF) የአዝራሩ ተግባር ሌላ፣ መልኩን የሚስለው ቴምፕሌት ሌላ ነው። ባክግራውንድ ላይ የጻፍነው ቀለም የሚታየው ቴምፕሌቱ ተቀብሎ ለውስጠኛው ቦርደር (የአዝራሩን ጀርባና ጠርዝ ለሚስለው ክፍል) ስለሚያስተላልፈው ብቻ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው መደበኛ ቴምፕሌት ደግሞ ማውስ ሲያርፍ ፈዛዛ ሰማያዊ ቀለም በቀጥታ በዚያ ቦርደር ላይ የሚያስቀምጥ ትሪገር (አንድ ሁኔታ ሲሟላ መልክ የሚቀይር ደንብ) አለው። በስታይሉ (የፕሮፐርቲ ዋጋዎች በአንድነት በሚሰጡበት ክፍል) ውስጥ የቱንም ያህል ትሪገር ብንጨምር የፕሮፐርቲው ዋጋ ይቀየራል እንጂ ዓይን የሚያየው ቀለም አይቀየርም፤ መቀየር ያለበት ቴምፕሌቱ ነው። ሌላው ማዕቀፍ ኪዩትም (Qt) ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፦ በስታይል ሺት (መልክ በሚገለጽበት ጽሑፍ) ለአዝራር የጀርባ ቀለም ብቻ ሲሰጠው፣ የስርዓተ ክወናው ጠርዝ ላዩ ላይ ስለሚሳል፣ ጠርዙም አብሮ ካልተገለጸ ቀለሙ ላይታይ ይችላል።

ይህን የተረዳው ሰው ቴምፕሌቱን ይተካና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ይህኛው እምነት ከፊተኛው የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። የቀድሞው ቴምፕሌት ሲወገድ ማውስ ሲያርፍ፣ ሲጫኑት እና አዝራሩ ከአገልግሎት ውጭ ሲሆን የሚታዩት መልኮች አብረው ይወገዳሉ። እንዳየው የተጠራሁበት አንድ የመረጃ መመዝገቢያ ፕሮግራም አዝራሮቹ እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ባለሙያው የፎከስ ምልክቱን (ኪቦርዱ ያለበትን አዝራር የሚያሳየውን) «አስቀያሚ ነው» ብሎ ስላጠፋው በታብ ቁልፍ የሚሠሩት ሠራተኞች የትኛው አዝራር ላይ እንዳሉ አያውቁም፤ የማይሠራውም አዝራር ከሚሠራው ስለማይለይ ደጋግመው ይጫኑት ነበር። ቴምፕሌትን ከባዶ መጻፍ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ የመደበኛውን ቅጂ አውጥቶ ስለሚሰጥ እርሱን ማረም ይበቃል። ከዚያም ማውሱን ወደ ጎን ትቶ መስኮቱን በሙሉ በታብና በስፔስ ብቻ መፈተሽ ያስፈልጋል። ይህን ፈተና ሳያልፍ ሥራውን የሚያስረክብ ሰው ሥራውን ጨርሷል ለማለት እቸገራለሁ።

ምስል ወይም አራት ማዕዘን አስቀምጦ ክሊክ እንዲቀበል ማድረግ አዝራር መሥራት ነው የሚሉም አሉ። አይደለም፤ ታብ አይቆምበትም፣ ስፔስ አይጫነውም፣ ለዓይነ ስውራን ማያ ገጹን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራምም አዝራር መሆኑን አያውቅም።

የቀለም ምርጫ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 እትም ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ኮንትሮልን ለመለየት ለሚያስፈልጉ ጠርዞችና ምልክቶች 3 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል፤ ልኩ ለዴስክቶፕም ጥሩ መነሻ ነው። በኮድ ውስጥ በቁጥር የተቸነከረ ቀለም ተጠቃሚው የዊንዶውስን ከፍተኛ ንፅፅር ሲያበራ አብሮ ስለማይለወጥ፣ ቢያንስ በዚያ ሁኔታ የስርዓቱን ቀለሞች መጠቀም ይገባል።

በቢትማፕ (ብዛታቸው ቋሚ በሆነ ነጥቦች) የተሠራ የአዝራር ምስል በሁሉም ማያ ገጽ ጥርት ብሎ ይታያል የሚለውን ለማፍረስ ደግሞ የማሳያውን መጠን ወደ 150 በመቶ ከፍ አድርጎ አንድ ጊዜ ማየት በቂ ነው።