ሚዛናዊ ቤዝ ሦስት ምንድን ነው?

ልጅ ሆኜ አንድ ሰኞ ከአክስቴ ጋር ባቲ ገበያ ወረድን። ሦስት ኪሎ በርበሬ ልትገዛ ነበር። ነጋዴው ባለ 5 እና ባለ 2 ኪሎ ብረት ብቻ ነው የነበረው። 5ቱን በአንዱ ሳህን፣ 2ቱን ደግሞ ከበርበሬው ጋር ሲያስቀምጥ “ሊያታልለን ነው!” ብዬ ጮህኩ። አክስቴ “ኧረ ዝም በል፣ እየቀነሰ እኮ ነው!” አለችኝ።

ሚዛናዊ ቤዝ ሦስት የሚባለው የቁጥር አጻጻፍ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። በለመድነው አጻጻፍ የአሃዞች ቦታ 1፣ 10፣ 100 እያለ በአስር እየተባዛ ያድጋል። እዚህ ግን 1፣ 3፣ 9፣ 27 እያለ በሦስት ነው የሚያድገው። እያንዳንዱን ቦታ እንደ አንድ ብረት አስቡት። ብረቱ ከእህሉ ትይዩ ከተቀመጠ +፣ ከእህሉ ጋር ከሆነ −፣ ካልተነሳ ደግሞ 0 ይጻፋል።

20 ኪሎ ማሽላ እንመዝን። 27ን እና 3ን በባዶው ሳህን፣ 9ን እና 1ን ከማሽላው ጋር እናድርግ። ከ30 ላይ 10 ሲነሳ 20። ስለዚህ 20 ከትልቁ ብረት ጀምሮ ሲጻፍ + − + − ነው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የነጌቲቭ ነገር ነው። ከቁጥሩ ፊት ለብቻው የሚቀመጥ የመቀነስ ምልክት አያስፈልግም። ምልክቶቹን ሁሉ መገልበጥ ይበቃል፤ −20 ማለት − + − + ነው። ብረቶቹ ሳህን ተለዋወጡ፣ አለቀ።

ተጋማሽ ቁጥርንም መለየት ቀላል ነው። የተነሱትን ብረቶች መቁጠር ብቻ ነው። 1፣ 3፣ 9፣ 27 አንዳቸውም ለሁለት እኩል አይካፈሉም። ስለዚህ የብረቶቹ ብዛት ተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩም ተጋማሽ ነው። 20 አራት ብረት ወሰደ፣ ተጋማሽ ነው። ለሦስት መካፈሉን ለማወቅ ደግሞ የመጨረሻው ቦታ 0 መሆኑን ማየት ነው።

አራቱ ብረቶች እያንዳንዳቸው ሦስት ምርጫ አላቸው። 3 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 81 አቀማመጥ ይሰጣል። ከ−40 እስከ 40 ያሉት ቁጥሮች፣ ዜሮን ጨምሮ፣ እነሱም 81 ናቸው። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ አቀማመጥ ብቻ ይደርሰዋል። የተደገመም የተዘለለም የለም። ይህን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ቆጥሬ ሳገኘው ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ነገሩ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1958 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በኒኮላይ ብሩሰንትሶቭ መሪነት የተሠራው ሴቱን የተባለ ኮምፒውተር የሚያሰላው በዚህ አጻጻፍ ነበር።

ባለ 81 ኪሎ አምስተኛ ብረት ቢጨመር እስከ 121 ኪሎ ይመዘናል። አንድ ኩንታል ጤፍም ይገባል፦ 81 ሲደመር 27፣ ሲቀነስ 9፣ ሲደመር 1። 3ቷ አትነሳም። ሲጻፍ + + − 0 + ነው።