የሰርቨር ሚና ምንድን ነው? ከማዕከል የሚመራውስ እንዴት ነው?

የሰርቨር ሚና ማለት አንድ ማሽን የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ለዚያም የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች፣ ፋይሎች፣ አካውንቶችና የፋየርዎል (የኔትወርክ ግንኙነትን የሚፈቅድና የሚከለክል አጥር) ደንቦች በአንድ ስም ጠቅልሎ የሚይዝ መግለጫ ነው። ይህ መግለጫ በአንድ ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ መቅረቱ ቀርቶ በማዕከል በጽሑፍ ሲቀመጥና ሶፍትዌር እያነበበ በየማሽኑ ላይ ሲተገብረው፣ ሥራው የኮንፊገሬሽን ማኔጅመንት ይባላል። ከቀደምቶቹ መሣሪያዎች አንዱ ማርክ በርጀስ እ.ኤ.አ. በ1993 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሲኤፍኤንጂን ሲሆን፣ ፐፔት በ2005፣ ሼፍ በ2009፣ አንሲብል ደግሞ በ2012 ተከትለዋል።

እነዚህን መሣሪያዎች ከተራ ስክሪፕት (ትእዛዞችን በተራ ከሚያስኬድ አጭር ፕሮግራም) የሚለያቸው ትእዛዝን ሳይሆን የሚፈለገውን ሁኔታ መጻፋቸው ነው። በአንድ ፋይል መጨረሻ ላይ መስመር የሚጨምር ስክሪፕት ሁለት ጊዜ ቢሄድ መስመሩ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንሲብል ግን «ይህ መስመር ይኑር» ስለሚባል፣ መስመሩ ካለ ምንም አይነካም። ስለዚህ አንድ ሚና በዚህ መንገድ መጻፉን ለመፈተሽ ወዲያው ደግሞ ማስኬድ ይረዳል፤ በሁለተኛው ዙር «ተለውጧል» የሚለው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ መታየት ያለበት ነገር አለ ማለት ነው።

በአንሲብል ሚና የሚባለው የሥራ ዝርዝሩን፣ የፋይል ቅጦቹን (እሴት የሚሞላባቸው ናሙና ፋይሎች) እና ነባሪ እሴቶቹን በየንዑስ ፎልደሩ የያዘ አንድ ፎልደር ነው። የዌብ ሰርቨር ሚና ከሆነ ኤንጂንኤክስ የተባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም የኮንፊገሬሽን ፋይል ከቅጥ ይዘጋጃል፤ አገልግሎቱም ኮንፊገሬሽኑን እንደገና እንዲያነብ የሚደረገው ፋይሉ በእርግጥ ከተለወጠ ብቻ ነው።

በፐፔትና በአንሲብል መካከል ያለው ልዩነት ግን ከአጻጻፍ ያልፋል። በፐፔት በየማሽኑ ላይ ያለው ኤጀንት (በማሽኑ ላይ ተጭኖ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም)፣ መቼቱ ካልተለወጠ፣ በየ30 ደቂቃው ማዕከሉን እየጠየቀ ሚናውን ያስፈጽማል፤ አንድ ሰው ሌሊት ገብቶ በእጁ ያስተካከለው ፋይል በሚናው የተገለጸ ከሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደነበረበት ይመለሳል። አንሲብል ኤጀንት ሳይጭን በኤስኤስኤች (ወደ ሌላ ማሽን ከርቀት በምስጢር መግቢያ ዘዴ) የሚገባው ሲታዘዝ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ለውጥ ቀጣዩ ዙር እስኪመጣ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል።

በፐፔት ተጠቃሚዎች ዘንድ የተለመደው «ለአንድ ማሽን አንድ ሚና» የሚለው ደንብ፣ በእኔ አመለካከት፣ ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚው ነው። በአንዲት ትንሽ መሥሪያ ቤት ዌብ፣ ዳታቤዝና ሜይል በአንድ ማሽን ላይ ቢሆኑም እንኳ፣ ማሽኑ ሦስት ሚና አይሰጠውም፤ ሦስቱን ፕሮፋይሎች (የእያንዳንዱን አገልግሎት መቼት የያዙ ክፍሎች) ያቀፈ የራሱ ስም ያለው አንድ ሚና ይጻፍለታል። ከሌላው ጥቂት የሚለይ ማሽን ሲመጣም በሚናው ውስጥ «እገሌ ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ከመደርደር ሌላ ሚና መጻፍ ይሻላል።

ማዕከላዊነቱ አደጋም አለው፤ በሚናው ውስጥ የገባ አንድ ስሕተት ሁሉንም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ያዳርሳል። ለዚህም ለውጡን ሳይተገብሩ አስቀድሞ የሚያሳይ የሙከራ ሁነታ በፐፔትም በአንሲብልም አለ፤ አንሲብል በተጨማሪ ማሽኖቹን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈሉ ለማስኬድ ይፈቅዳል። ሆኖም በአንሲብል የሙከራ ሁነታ በቀጥታ የሼል (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሰጥበት የሥርዓቱ ክፍል) ትእዛዝ የሚያስኬዱ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለሚዘለሉ፣ ሙከራው ያለ ስሕተት ማለፉ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።