የኢትዮጵያ ስሞችና ዓመተ ምሕረት በጥናታዊ መጽሔቶች ዋቢ ዝርዝር

ዋቢ አጠቃቀስ አንድ አጥኚ የሌላ ሰው ሐሳብ፣ መረጃ ወይም ቃል ሲወስድ ምንጩን የሚያሳይበት ሥርዓት ነው። ሁለት ቦታ ይታያል፤ አንዱ በጽሑፉ መካከል፣ በቅንፍ ወይም በቁጥር ወይም በግርጌ ማስታወሻ፤ ሌላው ከጽሑፉ መጨረሻ በሚሰፍረው ዋቢ ዝርዝር። መጽሔቶች ረቂቅ ሲቀበሉ ሁለቱ እንዲገጥሙ ይጠይቃሉ። በመካከል የተጠቀሰ ሁሉ በዝርዝሩ መኖር፣ በዝርዝሩ ያለውም ሁሉ በመካከል መጠቀስ አለበት። በነጥብና በነጠላ ሰረዝ አቀማመጥ ላይ የሚደረገው ያ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያገለግለው አንባቢውን ነው፤ የተጠቀሰውን መጽሐፍ አግኝቶ፣ ገጹን ገልጦ፣ በራሱ ዓይን እንዲያይ።

የአጠቃቀስ ስልቶች ብዙ ናቸው። ደራሲንና ዓመትን በቅንፍ የማስገባቱ ልማድ ሲነሣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሥነ እንስሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ማርክ እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተመው ጥናት ይጠቀሳል። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር (ኤፒኤ) ስልት በ1929 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ 7ኛው እትሙ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በሕክምና መጽሔቶች የተለመደው የቫንኩቨር ስልት ስሙን ያገኘው አርታኢዎች በ1978 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ቫንኩቨር ካደረጉት ስብሰባ ነው፤ ምንጮቹን የሚደረድረው በደራሲ ስም ሳይሆን በተጠቀሱበት ተራ ነው። የታሪክ ሰዎች ደግሞ በ1906 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የታተመውን የቺካጎ መመሪያ ከነግርጌ ማስታወሻው ይመርጣሉ። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ሰው በመጨረሻ የሚጻፍ የቤተሰብ ስም አለው፣ ዓመትም በአንድ አቆጣጠር ይቆጠራል በሚል ግምት ነው። በኢትዮጵያ ሁለቱም አይሠሩም።

የታሪክ ምሁሩን የታደሰ ታምራትን ስም እንውሰድ። ታደሰ የራሳቸው ስም ነው፤ ታምራት የአባታቸው። በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የመካከለኛው ዘመን ጥናት በኤፒኤ ደንብ ሲጠቀስ ‹ታምራት፣ ታ. (1972)› ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ሲጻፍ ሥራው ለአባትየው ተሰጥቶ የጻፉት ሰው በአንዲት ፊደል ይቀራሉ። በእኛ ልማድ ‹ፕሮፌሰር ታደሰ› ይባላል እንጂ ‹ፕሮፌሰር ታምራት› አይባልም። ጥምር ስም ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። የጂኦግራፊው ምሁር መስፍን ወልደ ማርያም ‹ማርያም፣ መ. ወ.› ተብለው የሚገኙባቸው ዝርዝሮች አሉ። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ፣ ተክለ ብለው የሚጀምሩ ስሞች ከተከታያቸው ተነጥለው ትርጉም የላቸውም፤ መቆረጥ የለባቸውም።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ‹ከበደ፣ አ.› የሚል ዋቢ ያገኘ አንባቢ አበበን፣ አስቴርን ወይስ ዓለሙን እንደሚፈልግ በምን ያውቃል? የራስ ስም ወደ መነሻ ፊደል ሲያጥር የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሰው ይመስላሉ። በሌላ በኩል አንዱ መጽሔት በራስ ስም፣ ሌላው በአባት ስም ሲመዘግብ የአንድ ሰው ሥራ በመረጃ ቋቶች ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። በላቲን ፊደል የመጻፉ ልዩነት ይህን ያባዛዋል፤ ታደሰን አንዱ ‹ደ›ን አጥብቆ በድርብ ፊደል፣ ሌላው በነጠላ ይጽፈዋል።

መፍትሔው ግን ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳትመው መጽሔትም፣ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በጀርመን በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኢትዮፒካም ኢትዮጵያውያንን የሚጠቅሱት ስማቸውን ሳይገለብጡ ነው፤ ‹ታደሰ ታምራት› ብለው። አይስላንዳውያንም አብዛኞቹ ከራሳቸው ስም ቀጥሎ የሚይዙት የቤተሰብ ስም ሳይሆን የአባት ስም ስለሆነ በአገራቸው የሚደረደሩት በራሳቸው ስም ነው። ዞቴሮ በተባለው የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም ውስጥ ለደራሲ ስም ሁለት ሳጥን አለ፤ አጠገባቸው ያለችው ትንሽ ምልክት ስትጫን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ስሙ እዚያ ሙሉውን ከተጻፈ ፕሮግራሙ አይገለብጠውም። መጽሔቱ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ቢያንስ የራስ ስም ሳያጥር እንዲቀመጥ አርታኢውን በሸኚ ደብዳቤ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪዎች መለያ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው፣ ስሙ እንዴትም ቢጻፍ ሰውየውን ከሥራው ጋር ያያይዛል።

አንድ ልዩነት መጠበቅ አለበት። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ልጆቻቸው የአባት ወይም የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘዋል፤ ራሳቸውም እንዲሁ ይፈርማሉ። ደራሲው የመረጠውን መከተል ይሻላል።

የዓመቱ ጉዳይ ጸጥ ብሎ የሚያሳስት ነው። የቋንቋ ምሁሩ የባዬ ይማም መጽሐፍ ‹የአማርኛ ሰዋስው› የታተመው በ1987 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝኛ ጥናት ውስጥ ‹1987› ተብሎ ብቻ ከተቀመጠ አንባቢው መጽሐፉን ከእውነተኛ ዕድሜው ሰባት ዓመት ያህል ያስረጀዋል፤ ከሌሎች ጥናቶች ጋር ያለውን ቅደም ተከተልም ያዛባል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይደመራል። አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ ግን የታተመበትን ወር አይናገርም። ስለዚህ ሁልጊዜ 8 መደመር የሌለ እርግጠኝነት መፍጠር ነው፤ ትክክለኛው ‹1994/95› ብሎ ሁለቱንም መጻፍና ‹1987 ዓ.ም.›ን በቅንፍ ማስከተል ነው። በአማርኛ በሚጻፍ ጥናት ውስጥ በአንጻሩ የውጭዎቹ ዓመታት ‹እ.ኤ.አ.› ይጨመርባቸዋል።

የአማርኛ ምንጮች በፊደላችን ሲደረደሩ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተር ግን የሚከተለው ቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለ ስለሚሄድና ‹ኀ› ከ‹ቸ› በኋላ ስለምትመጣ ሦስቱ ተበታትነው ይቀመጣሉ። በ‹አ›ና በ‹ዐ›፣ በ‹ጸ›ና በ‹ፀ› የሚጀምሩ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። የደራሲውን አጻጻፍ ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዳለ መቅዳት፣ ዝርዝሩንም በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። የላቲን ፊደል የሚጠይቁ መጽሔቶች ዘንድ የመጽሐፉ ርእስ በድምፁ ተጽፎ ትርጉሙ በማዕዘን ቅንፍ ይከተለዋል። ትርጉሙን ብቻ ማስቀመጥ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ በትርጉም ርእስ መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት የሚያገኝ የለም።

አሳታሚን በተመለከተ፣ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት በደራሲው ወጪ ስለሚታተሙ ሽፋናቸው ላይ የሚገኘው የማተሚያ ቤቱ ስም ብቻ ነው። ብርሃንና ሰላም ወይም ንግድ ማተሚያ ቤት የአትመቱን ሥራ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ አሳታሚ ነው ማለት ግን አይደለም። እንዲህ ሲሆን ‹በደራሲው የታተመ› ብሎ ማተሚያ ቤቱን ለብቻ መጥቀስ የበለጠ እውነተኛ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው ዲኦአይ፣ ማለትም በ10 የሚጀምረው የዲጂታል መለያ ቁጥር፣ የመጽሔት ጽሑፍን በቀላሉ ያስገኛል፤ አሮጌዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት ግን ይህ ስለሌላቸው ሙሉ መረጃቸው መጻፍ አለበት።

የብራና መጻሕፍት የሚጠቀሱት በተቀመጡበት ስብስብና በመለያ ቁጥራቸው ነው፤ ለምሳሌ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች በስብስቡ ምሕጻረ ቃልና በቁጥር ይጠራሉ። የገጽ ቁጥር ስለሌላቸው ቅጠሉ ይቆጠራል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ የቅጠሉ ፊት ወይም ጀርባ መሆኑ፣ ጽሑፉ በዓምድ የተከፈለ ከሆነም ዓምዱ ይገለጻል።