የጥበብ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ያሉት ቀናት፣ ሀዋሳ ላይ

የጥበብ ጥርስ የሚባለው ከመንጋጋዎች ሁሉ መጨረሻ የሚወጣው ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው እድሜ ብቅ ይላል፣ አንዳንዱ ሰው አራቱም ይወጡለታል አንዳንዱ ጭራሽ የለውም። ቦታ ሲያጣ ይጋደማል ወይ ግማሹ ድድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ ምግብ ይገባበታል፣ ድዱ ይመግላል፣ ያኔ ይነቀል ይባላል። እዚህ አካባቢ ሁሉንም የጥርስ ጣጣ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ማሳበብ የተለመደ ነው፣ ፍሎራይዱ ጥርስ ያበልዛል እውነት ነው፣ የጥበብ ጥርስ መጋደም ግን ከሱ ጋር አይገናኝም። የላይኛው ብዙ ጊዜ ቶሎ ይወጣል። የታችኛው ነው መከራው፣ ድድ ተቀዶ አጥንት ተፍቆ ጥርሱም ተቆራርጦ ሊወጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን ትልቁ ስራ የረጋውን ደም አለመነካካት ነው። ጎዙን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ጥርቅም አድርጎ መንከስ፣ በየደቂቃው እያወጡ ማየት ደሙን መልሶ ያስጀምረዋል። ምራቅ እስከ ማግስቱ ቀላ ቢል አያስደነግጥም። ለ24 ሰዓት መጉመጥመጥ የለም፣ እንትፍ ማለት የለም፣ በስትሮ መሳብ የለም፣ ስለዚ ጁስ ቤት ገብቶ አቮካዶ ያዘዘ ሰው ስትሮውን መልሶ በማንኪያ ይጠጣ።

እብጠቱ በሁለተኛና በሶስተኛው ቀን ነው ጣራ የሚነካው፣ እና ሰው የሚደናገጠው ያኔ ነው፣ በማይሆን ቦታ! በመጀመሪያው ቀን በረዶ 15 ወይ 20 ደቂቃ እያሳረፉ ጉንጭ ላይ መያዝ ይረዳል፣ በረዶ ከሌለ ከፍሪጅ የወጣ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልሎ። አፍም እንደልብ አይከፈትም፣ ጉርሻ የሚባል ነገር ለሳምንት አንዳንዴም ለሁለት ሳምንት አይታሰብም።

በእብጠት ፈንታ መፈራት ያለበት የህመሙ አካሄድ ነው። ህመም በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት፣ ቀንሶ ቀንሶ በሶስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ድንገት ከተነሳ፣ ወደ ጆሮና ጆሮ ግንድ ከተወረወረ፣ አፍ ከሸተተ፣ ማስታገሻ ውጠህ ምንም ካልሰማው ድራይ ሶኬት ነው ብለህ ጠርጥር። የረጋው ደም ወጥቶ ወይ ሟሙቶ አጥንቱ ተራቁቷል ማለት ነው፣ በስልክ መብራት ስታየው ጉድጓዱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሲጋራ የሚያጨሱ እና የወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚወስዱ ላይ ይበዛል፣ የታችኛው ጥርስም እንደዛው። ጫት ደሞ ማላመጡም ገረባውም ቁስሉን ይረብሻል፣ ከሺሻ ጋር ሲሆን ባሰ። አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ይሄንን አያድነውም፣ ሀኪሙ አጥቦ መድሃኒት ያለበት ነገር ይወትፍበታል፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ከቅርንፉድ ዘይት የሚገኘው ነገር ነው፣ ግን ቅርንፉዱን ከጓዳ አምጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ መሰንቀር አይደለም።

ለተራው ህመም አይቡፕሮፌን እና ፓራሲታሞል አብረው ሲወሰዱ ለየብቻ ከሚወሰዱት ይሻላሉ፣ ጨጓራ ወይ ኩላሊት ያለበት ግን አይቡፕሮፌኑን ሳይጠይቅ አይንካ፣ አስፕሪንም ደም ስለሚያቀጥን ይቅር። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘ ቢራም ጠጅም አይቀመስም።

ምግብ ላይ ሀዋሳ ያለ ሰው እድለኛ ነው ባይ ነኝ። ሀይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የአሳ ሾርባ አለ፣ ለብ እስኪል ጠብቆ፣ ሚጥሚጣ ሳይነሰንሱ፣ አጥንቱን አጥርቶ። የተጠበሰው አሳ ይቆይ፣ ቆሎም ይቆይ። አጥሚት ጥሩ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ከምግብ በኋላ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ ይጀመራል።

የታችኛው ሲነቀል ከንፈር፣ አገጭ ወይ ምላስ ደንዝዞ ሊቆይ ይችላል፣ ነርቩ አጠገብ ስለሆነ፣ አብዛኛው በሳምንታት ወይ በወራት ይመለሳል፣ ጥቂቱ ግን ይቀራል። የላይኛው ከተነቀለ በኋላ የጠጡት ውሃ በአፍንጫ ከመጣ ደሞ ሳይነስ፣ ማለትም ከላይኛው ጥርስ በላይ ያለው ከአፍንጫ ጋር የሚገናኝ ክፍተት፣ ተከፍቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ሳይናፈጡ ወደነቀለው ሀኪም መመለስ ነው። ስፌቱ የሚሟሟ ከሆነ ባብዛኛው ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ድዱ በ3 ወይ 4 ሳምንት፣ አጥንቱ ግን ወራት ይፈጃል።

ትኩሳት፣ ከሶስተኛው ቀን በኋላም እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ መግል፣ ጎዝ ተነክሶም የማይቆም ደም ካለ በዛው ቀን ሀኪም ይየው። እብጠቱ ከአገጭ ስር ወደ አንገት ወርዶ መዋጥ ወይ መተንፈስ ካስቸገረ ግን ክሊኒክ እስኪከፈት አይጠበቅም፣ ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዞ ቀጥታ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።