የትሬይል ውድድር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎዳና ላይ 10 ኪሎ ሜትር በደህና የሚጨርስ ሰው እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ኮረብታዎች ላይ ለሚካሄድ የትሬይል (በጫካና በኮረብታ መንገድ የሚሮጥ) ውድድር ሲመዘገብ፣ የአስፋልቱን ልማድ እንዳለ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ልማድ ብዙው ጫካ ውስጥ አይሠራም፤ አንዳንዱም ይጎዳል። ለምሳሌ እንዲሆነን 20 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ የዳገቱ ከፍታ ተደምሮ 1,000 ሜትር የሚሆን፣ ከፍተኛ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር የሚያልፍ ውድድር እንያዝ።

«ያው አገር አቋራጭ ነው»

አይደለም። አገር አቋራጭ ጃንሜዳ ላይ እንደምናየው በሣር ሜዳ፣ በአጭር ዙር፣ ከመነሻው ጀምሮ በኃይል የሚሮጥ ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 አምስት ዓመት በተከታታይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸንፏል። ረጅሙ የሚባለው እንኳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለነበር ለእሱ ከ40 ደቂቃ በታች የሚያልቅ ነበር። የትሬይል ሯጭ ግን ሁለትና ሦስት ሰዓት ጫካ ውስጥ ይቆያል። ውሃውንና ምግቡን ራሱ ይሸከማል፣ መንገዱን ራሱ ይለያል፣ ረጅም ርቀት ሰው ሳያይ ሊሄድ ይችላል። እንደ አገር አቋራጭ ተፈትልኮ የወጣ ሰው የመጀመሪያው ረጅም ዳገት ወገብ ላይ ሲደርስ እግሩ ይታሰራል፤ የቀረው 15 ኪሎ ሜትር ደግሞ ገና ፊቱ ነው።

«20 ኪሎ ሜትር ከሆነ ሰዓቴን አውቀዋለሁ»

በትሬይል ዓለም የሚሠራበት ቀላል ስሌት አለ፦ በእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ይደመራል። በምሳሌያችን 20 ላይ 10 ሲጨመር 30 ይሆናል። ጎዳና ላይ 10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ይህን ውድድር ከ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ውስጥ እጨርሳለሁ ብሎ ቢነሳ ይሻለዋል። ጭቃ ካለ ከዚያም ይረዝማል። የማጠናቀቂያ ሰዓት ገደብ ያለው ውድድር ከሆነ ከመመዝገብ በፊት ይህን ማስላት ግድ ነው።

የእጅ ሰዓት ላይ የሚታየው ፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ጊዜ) እዚህ አይጠቅምም። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥርና በተጠማዘዘ መንገድ ላይ የጂፒኤስ ልኬት ይዛባል፤ ቢስተካከልም ዳገት ላይ 9 ደቂቃ፣ ቁልቁለት ላይ 5 ደቂቃ የሚል ቁጥር ምንም አይነግርም። በመጀመሪያው ሲሶ መለኪያው ትንፋሽ ይሁን፦ አጭር ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል።

«ዳገት ላይ በእርምጃ መሄድ መሸነፍ ነው»

በአውሮፓ አልፕስ ተራሮች ላይ በሚካሄደው፣ ወደ 170 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሞን ብላን ውድድር ላይ የሚያሸንፉትም ገደላማውን ዳገት በእርምጃ ይወጡታል። በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ላይ በቀስታ መሮጥና በፍጥነት መራመድ እኩል ፍጥነት ይሆናሉ፤ የሚሮጠው ግን ይበልጥ ጉልበት ያወጣል፣ ልቡም ይበልጥ ይመታል። ለመካከለኛ ሯጭ በ100 ሜትር ርቀት ከ15 እስከ 20 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ሲያጋጥም ወደ እርምጃ መቀየር ተገቢ ነው። ሰውነትን በትንሹ ወደፊት ዘንበል አድርጎ፣ መዳፍን ጭን ላይ አሳርፎ በየእርምጃው ወደታች መግፋት ነው። መቀየር ያለበት ከመድከም በፊት ነው፤ ትንፋሽ ካለቀ በኋላ የሚደረገው እርምጃ ዕረፍት ሆኖ ይቀራል እንጂ ወደፊት አያስኬድም። የዳገቱ አናት ላይ ሲደርሱ ቆሞ መተንፈስም ጊዜ ይበላል። ከአናቱ 20 ሜትር ሲቀር ሶምሶማ መጀመርና ሳይቆሙ ማለፍ ይለመድ።

«ከወጣሁ በኋላ ቁልቁለቱ ዕረፍት ነው»

ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚጎዳው በዚህ እምነት ነው። ለሳንባ ዕረፍት ይሆናል፤ ለጭን ግን አይሆንም። ሽቅብ ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ቁልቁል ስንወርድ የሰውነትን ክብደት ለመያዝ እየተለጠጠ ይሠራል፣ ጡንቻው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ክሮች የሚያቆስለውም ይህ ነው። ስለዚህ ዳገቱን በጥሩ ኮንዲሽን የጨረሰ ሰው መጨረሻው ቁልቁለት ላይ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥበታል፣ በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ደግሞ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል።

መፍትሔው አለ፣ በጣምም ይሠራል። ጡንቻ አንዴ የቁልቁለት ሥራ ከቀመሰ በኋላ ለሳምንታት የሚቆይ መከላከያ ያበጃል። ከውድድሩ ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ በሳምንት አንድ ቀን ከ200 እስከ 300 ሜትር የሚሆን ቁልቁለት መርጦ አራት ጊዜ መውረድ፣ ቀስ በቀስም ወደ ስምንት ማድረስ ነው። ሽቅቡን በእርምጃ ይመለሱበት። የመጨረሻው ጠንካራ የቁልቁለት ልምምድ ከውድድሩ ከ10 እስከ 14 ቀን በፊት ያልቅ። በውድድሩ ሳምንት ቁልቁለት መውረድ የቆሰለ እግር ይዞ መነሻ ላይ መቆም ነው።

አወራረዱም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሚፈራ ሰው ወደኋላ ይለጠጣል፣ በተረከዙ ፍሬን ይይዛል። ያን ጊዜ እግሩ ከፊቱ ርቆ ስለሚያርፍ ምቱ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል፣ ሶሉም የመንሸራተት ዕድሉ ይጨምራል። እርምጃ አጭርና ፈጣን ይሁን፣ እግር ከሰውነት ሥር ይረፍ፣ ክንድ ለሚዛን ይከፈት። ዓይን ጫማ ላይ ሳይሆን ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ወደፊት ይይ። እንጦጦ ላይ በተለይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት የተከማቸበት ቦታ ከድንጋይ ይልቅ ያንሸራትታል፤ ቅጠሉ የተቆረጠ ጉቶም ይሸፍናል።

«አዲስ አበባ ስለምኖር ከፍታ አያሳስበኝም»

አዲስ አበባ መሃሏ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ከከተማው ጋር እንኳ ሲነጻጸር እያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ 8 በመቶ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ጥቂት ይመስላል፣ ዳገት ላይ ግን ቶሎ ይታወቃል። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ረጅሙን የሳምንት ሩጫ እዚያው ላይ ማድረግ የመንገዱንም የአየሩንም ነገር ያስተምራል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ብቻን መውጣት ግን አይመከርም፤ ጅብና ውሻ ስላለ በቡድን መሮጥ ይሻላል።

ለበዓል ወይም ለዕረፍት ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ መጥተው መሮጥ የሚፈልጉ ወገኖች ደግሞ ተቃራኒውን ይሳሳታሉ፦ «እዚያው ተወልጄ አድጌያለሁ፣ ሰውነቴ ያስታውሰዋል» ይላሉ። ዝቅተኛ ቦታ ለዓመታት የኖረ ሰው 3,000 ሜትር ላይ አቅሙ ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢቀንስ የሚጠበቅ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መምጣት ይጠቅማል። ያ ካልተቻለ አጭሩን ርቀት መርጦ በቀስታ መሮጥ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከመጣ ግን መታገስ አያስፈልግም፣ መውረድ ነው።

«ማንኛውም የሩጫ ጫማ ያው ነው»

በጋ ላይ፣ በደረቅ ኮሮኮንች፣ የአስፋልት ጫማም ያስጨርሳል። ክረምት ላይና ክረምት እንደወጣ ግን ለስላሳ ሶል ጭቃ ላይ እንደ በረዶ ይሄዳል። ለድንጋይና ለአፈር ድብልቅ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን የሶል ጥርስ በቂ ነው፤ ለጭቃ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ጥርሶቹም ተራርቀው የተቀመጡበት ይመረጣል። ተጠጋግተው ከሆነ ዋልካው በመካከላቸው ይሞላና እንደገና ለስላሳ ሶል ይሆናል።

ልኩ ከርዝመቱ አውራ ጣት የሚያህል ትርፍ ይኑረው፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው ጫፍ እየተጋጨ ጥፍር የሚጠቁረው ይህ ትርፍ ሲጎድል ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን ትርፍ የማሰሪያ ቀዳዳ ተጠቅሞ ተረከዝን አጥብቆ ማሰርም እግር ወደፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። አዲስ ጫማ በውድድር ቀን አይመረቅም። ቀድሞ ቢያንስ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ይሩጥበት።

«ብዙ ውሃ የጠጣ አይጎዳም»

ይጎዳል። ከሚያልበው በላይ ውሃ የሚጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መደናገር ይመጣል፣ ሲከፋም ለሞት ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶንን ከጨረሱት 488 ሯጮች ደም ተወስዶ ሲመረመር 13 በመቶ የሚሆኑት ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ነበር፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጡትም ሲሮጡ ክብደት የጨመሩት፣ ማለትም ብዙ የጠጡት ናቸው። ለአብዛኛው ሰው በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር፣ ጥምን እየተከተሉ መጠጣት ይበቃል።

ከውሃ ይልቅ ብዙውን የሚጥለው ምግብ አለመያዝ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚሮጥ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ ቴምር እንደ መጠኑ ከ5 እስከ 18 ግራም። ውድ የሆነው ጄል ግዴታ አይደለም። በሶ ግሩም የዋዜማ ምግብ ነው፣ ቆሎም የመንገድ ስንቅ ነው። ነገር ግን ሁለቱም አሰር ስለሚበዛባቸው በሩጫ መካከል ሆድ ይከብዳሉ፤ ቆሎ እያኘኩ ዳገት መተንፈስም ያንቃል። የጾም ወቅት ላይ የሚሮጥ ሰው የምግብ ዓይነት ችግር የለበትም፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከሆነ ጠዋት የሚነሳ ረጅም ውድድር ባይመዘገብ ይሻላል። መብላት የሚጀመረው በ30ኛው ወይም በ40ኛው ደቂቃ ነው፤ ረሃብ ከተሰማ ዘግይቷል።

«ማስታገሻ ቀድሞ መዋጥ ሕመሙን ይከላከላል»

ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ሰውነት ውሃ ሲያጥረውና ሲሞቅ በሩጫው ምክንያት ያው ደም ራሱ ቀንሶ ነው የሚቆየው። ሁለቱ ሲደራረቡ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ጨጓራም ሊደማ ይችላል። ሳይውጡ መሮጥ የማይቻል ከሆነ እግሩ አልዳነም ማለት ነው፤ ያንን ውድድር መተው ነው።

«ቁርጭምጭሚት ሲዞር ወዲያው ወጌሻ ይሽው»

ትኩስ ጉዳት ላይ አጥብቆ ማሸት ውስጥ ያለውን መድማትና እብጠት ያባብሳል፤ አጥንት ተሰንጥቆ ከሆነም አደጋው ይከፋል። ቦታው ላይ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፦ አራት እርምጃ መራመድ ካልተቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጀርባና ጫፉ ሲነካ በጣም ካመመ ኤክስሬይ ያስፈልጋል። ካልሆነ በፋሻ ጠቅ አድርጎ ማሰርና እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መታሸት የለም። በኋላ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅን በየቀኑ መለማመድ ደግሞ እንዳይዞር የመከላከል አቅም ይሰጣል። ጥርስ እየፋቁ ማድረግ ይቻላል።

«ፊት ያለውን እግር መከተል ይበቃል»

እኛ ዘንድ ሯጭ የሚያድገው የፊተኛውን እግር እየተከተለ ስለሆነ ይህ ልማድ ጠንካራ ነው። ትሬይል ላይ ግን ፊተኛው ከሳተ አሥር ሰው አብሮት ይስታል። መንገዱን የሚያመለክተውን ሪባን በዓይኑ መፈለግ ያለበት እያንዳንዱ ሯጭ ነው። ለሦስትና ለአራት ደቂቃ ምልክት ካላያችሁ ወደፊት አትግፉ፣ መጨረሻ ያያችሁት ሪባን ዘንድ ተመለሱ። ሪባን አንዳንዴ ከብት ይበላዋል፣ ልጆች ይፈቱታል፤ ስለዚህ የመንገዱን ካርታ ሞባይል ላይ ጭኖ መሄድ ይጠቅማል።

መንገዱም የነዋሪው ነው። እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና የተጫኑ አህዮች ሲያጋጥሙ የሚቆመውና ዳር የሚይዘው ሯጩ ነው።

«ካቃተኝ አቋርጬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ»

ማቋረጥ ይቻላል፤ ሳይናገሩ መሄድ አይቻልም። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያልተመዘገበ ሯጭ ጠፍቷል ተብሎ ሰው ጫካ ውስጥ ይፈልገዋል፣ የሕክምና መኪናም ሌላ ቦታ ተፈልጎ ሳለ እሱን ሲጠብቅ ይውላል። የደረት ቁጥርን ለቅርቡ አስተናባሪ ማሳየት ወይም ቁጥሩ ላይ የታተመ ስልክ ካለ መደወል ነው። ስለዚህም ነው ቻርጅ ያለው ሞባይል፣ ፊሽካ፣ ቀላል የዝናብ ጃኬትና ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውሃ የሚያዘው። በላብ የራሰ ሰው 3,000 ሜትር ላይ ተጎድቶ ሲቀመጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርደዋል። የወደቀ ሯጭ ካጋጠማችሁም ቆሙ፣ ጃኬት አልብሱት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ወደ አስተናባሪው ላኩ፣ እርዳታ እስኪደርስ አብራችሁት ቆዩ። በብዙ የትሬይል ውድድር ይህ በውድድሩ ደንብ ውስጥ የተጻፈ ግዴታ ነው፤ ሳይረዳ ያለፈም ሊሰረዝ ይችላል።