የስልክ ጠለፋና የክትትል ሕግ በኢትዮጵያ

የደብዳቤ ምስጢር በሕጋችን የቆየ ነገር ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ ሕግ ካልፈቀደ በስተቀር ማንም የሰው ደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፍር በአንቀጽ 26 ከልክሎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መብቱን ያስቀመጠው በዚያው ቁጥር ነው፤ ስልክንና የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን ጨመረበት። መንግሥት ይህን መብት መገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ዝርዝር ሕግ ሲወጣ ብቻ ነው። ተጠንቅቀው የጻፉት አንቀጽ ነው።

በደርግ ዘመን ሰው አብዝቶ የሚፈራው ጆሮ ጠቢውን ነበር።

የ2001ዱ የፀረ-ሽብርተኝነት አዋጅ፣ ቁጥር 652፣ ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ፖስታ እንዲጠልፍ ፈቀደ። ዳኛው ከመሀል አልወጣም። ችግሩ አንቀጽ 23 ላይ ነበር። የደኅንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም በማስረጃነት ይቀርባል ይላል። ታዲያ ተከሳሹ ስልኩ በፈቃድ ይጠለፍ ያለ ፈቃድ በምን ይወቅ? «በስልክ አይሆንም፣ ስንገናኝ» የሚለው አነጋገር የተለመደውም በዚያ ሰሞን ነው።

በደንብ ተመዝግቦ የተገኘው ጉዳይ ደግሞ ከአገር ውጭ የደረሰ ነው። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ተገኘ። የገባው ከኢሜይል ጋር ተያይዞ በመጣ የወርድ ሰነድ ነበር። የስካይፕ ጥሪዎቹን ይቀዳል። ሰውየው «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም በየካቲት 2006 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በመጋቢት 2009 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። ዳኞቹ ሰውየው አልተሰለለም አላሉም። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ፣ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ይጸናል ነው ያሉት። በመሀል፣ በ2007 መጨረሻ፣ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን የስለላ ሶፍትዌር ሻጭ ራሱ ተጠለፈ። ከወጡት ኢሜይሎች መካከል ከኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) ጋር የተጻጻፋቸው ነበሩበት።

የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958፣ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን (ማን ከማን ጋር፣ መቼ እንደተገናኘ) ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ አዘዘ። ቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ አደጋ ሲያሰጋና ጉዳዩ አስቸኳይ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የነበረው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ክትትል እንዲፈቅድም ሥልጣን ሰጠ። ምክንያቱን ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ አስገደደው።

ከለውጡ በኋላ አዋጅ 652 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ ጸደቀ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆነ። ትልቅ እርምጃ ነው። የቀረው ግልጽነት ነው። የተጠለፈ ሰው ምርመራው ካለቀ በኋላ ሊነገረው ይገባል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ስንት መዝገብ እንደዘጉ በየዓመቱ ለምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባሉ። እዚያው ላይ የተጠየቁና የተፈቀዱ ጠለፋዎችን ቁጥር በአንድ መስመር መጨመር የማንንም ምርመራ አያበላሽም።