የተሻለውን በግ ለዘር ማስቀረት፦ የበግ ዝርያ ማሻሻል በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ

ለበዓል በግ የሚገዛ ሰው ሽንጡን ይዳስሳል፣ ላቱን ያያል፣ ወፈር ያለውን ይመርጣል። ገበሬውም ይህን ስለሚያውቅ ቶሎ ያደገውን ጠቦት ገበያ ያወጣል። ደጅ የሚቀረው ኮሳሳው ነው። እናት በጎቹን የሚያጠቃውም እሱ ይሆናል። ባጭሩ፣ ጥሩውን ዘር በየፋሲካውና በየአረፋው ስናርደው ኖረናል።

በኢትዮጵያ በልማድ የሚታወቁ 14 የበግ ዓይነቶች በዘረ መልና በቁመና ተጠንተው በ9 ዝርያዎች ተመድበዋል። የመንዝ በግ ትንሽና ጸጉራም ነው፣ ብርድ ይችላል፤ ከጸጉሩ ባና ይሠራል። የከፋው ቦንጋና የወለጋው ሆሮ ተለቅ ያሉ ናቸው፣ ላታቸውም ረጅም ነው።

ድሮ መፍትሔው ከውጭ በግ አምጥቶ ማዳቀል ነው ተብሎ ነበር። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር መጡ። ገበሬው ግን ላት የሌለው በግ አልዋጥለት አለ። ማን ይፈርድበታል? ላታሙ አዋሲ ይሻል ነበር።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) ኢካርዳ (የደረቅ አካባቢዎች ግብርናን የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማዕከል)፣ ኢልሪ (ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም) እና የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው ሌላ መንገድ ጀመሩ። ነገሩ በአገር ውስጥ በጎች መካከል ያለውን ልዩነት መጠቀም ነው። አንድ መንደር፣ አንድ ግጦሽ ላይ ከሚውሉ ጠቦቶች አንዱ በስድስት ወሩ ከሌላው ብዙ ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። የልዩነቱ ከፊል ከዘር ይመጣል። ቀሪው የእናት ወተት፣ የተወለደበት ወቅት፣ የመኖና የበሽታ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ሚዛን ብቻውን ያሳስታል። መንታ ሆኖ የተወለደ ጠቦት ወተት ስለተሻማ ቀለል ይላል። በዘሩ ግን ለብቻው ከተወለደው ወፍራም ሊበልጥ ይችላል። ደግሞ መንታ መውለድ ራሱ የሚፈለግ ጠባይ ነው። ለዚህ ነው ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ መዝጋቢ ግልገሉ ጆሮ ላይ ቁጥር አድርጎ እናቱን፣ የተወለደበትን ቀንና መንታ መሆን አለመሆኑን የሚጽፈው። ክብደቱን ሲወለድ፣ ጡት ሲጥልና በስድስት ወሩ ይመዝናል። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ነገሮች አስተካክለው የእያንዳንዱን ጠቦት የዘር ብልጫ ያሰላሉ።

የመጨረሻው ቃል ግን የገበሬዎቹ ኮሚቴ ነው። ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ላቱ የተበላሸ ወይም ቀለሙ ገበያ የማያነሳ ጠቦት ይወድቃል። ጥቁር በግ ለምሳሌ ብዙ ቦታ ፈላጊ የለውም። ምርጫውን ያለፈው አውራ በግ ለመንደርተኛው በጋራ ያገለግላል፤ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ የገበሬዎች ቡድን ይዛወራል። የወደቁት ተኮላሽተው ይሰባሉ፣ ወይም ይሸጣሉ።

በቦንጋና በሆሮ የስድስት ወር ክብደት በአማካይ በዓመት 200 ግራም ገደማ ጨምሯል። ለሰሚው ኢምንት ይመስላል። ሆኖም ገበሬ ደጅ፣ ያለ ልዩ መኖ የተገኘ ነው፤ በዘር የመጣ ለውጥ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይደመራል። ከባዱ ነገር ምዝገባው ነው። መዝጋቢው ደመወዝ ይፈልጋል፣ እሱንም በአብዛኛው ሲከፍል የኖረው ፕሮጀክት ነው። የቦንጋ በግ አርቢ ማኅበራት በበኩላቸው የተመረጡ አውራ በጎችን ለሌሎች አካባቢዎች ለዘር መሸጥ ጀምረዋል።